የልጁን ሙያ የሚመርጠው ማን ነው? የህንድ ቤተሰብና የመውደቅ ዋጋ

በኖቬምበር 2023 ለህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ አቤቱታ ቀረበ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልጆችን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጁ የግል ማዕከላት በዝተዋል፣ ተማሪዎችም በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን እያጠፉ ነው፣ ስለዚህ መንግሥት ልጓም ያብጅላቸው የሚል ነበር። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ችግሩ ያለው ከማዕከላቱ ሳይሆን ከወላጆች ዘንድ ነው፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ብዙ ይጠብቃሉ፤ ፉክክሩም ከባድ ነው ብለው አቤቱታውን ዘጉት።

የዳኞቹ ቃል እውነትነት አለው። ወላጅ ልጁን እንደሚገፋ በህንድ የሚክድ የለም። ለምን እንደሚገፋ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ፍርድ ግን ጎደሎ ነው። የህንድ እናትና አባት ልጃቸውን ከሌላው ዓለም ወላጅ አሳንሰው አይወዱም። የልጅ ሙያ የቤቱ ጡረታ፣ የሕክምና ገንዘብ፣ የእህት መዳሪያ፣ የአያት መጦሪያ ሆኖ በተገኘበት አገር ውሳኔው ለልጁ ብቻ ሊተው አይችልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሙያውን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመርጣል፤ ልጁ ሲወድቅ ግን ውድቀቱን የሚሸከመው ብቻውን ነው።

ኮታ የምትባለው የራጃስታን ከተማ በቻምባል ወንዝ ዳር ያለች የፋብሪካ ከተማ ነበረች። ከትልልቅ ቀጣሪዎቿ አንዱ ጄ.ኬ. ሲንተቲክስ የተባለው ድርጅት ነበር። እዚያ ይሠራ የነበረ ቪ.ኬ. ባንሳል የተባለ ኢንጂነር ጡንቻን እያመነመነ አካልን የሚያዝል በሽታ ያዘው። በ1980ዎቹ ቤቱ ውስጥ፣ የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ፣ ጥቂት ልጆችን ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹ አይአይቲ የሚባሉትን የአገሪቱን ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች እጅግ የሚፈራ መግቢያ ፈተና ማለፍ ሲጀምሩ ወሬው ተዛመተ፤ በ1991 የቤት ውስጥ ትምህርቱ ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ። ፋብሪካው በ1997 ሲዘጋ ከተማዋ ሌላ እንጀራ አግኝታ ነበር። በደህናው ዘመኗ በዓመት እስከ 200 ሺህ የሚደርስ ተማሪ ከመላ አገሪቱ ይጎርፍባት ጀመር።

አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች ከቢሃር፣ ከኡታር ፕራዴሽ፣ ከማድያ ፕራዴሽ በባቡር ይመጣሉ። አባት ሻንጣውን ይዞ አብሮ ይመጣል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የጣሪያ ማራገቢያ ያለባት ክፍል ይከራያል፤ የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍሎ፣ ልጁን መርቆ ይመለሳል። ልጁ ለስሙ ያህል ሌላ ትምህርት ቤት ተመዝግቧል፤ እዚያ ግን አይሄድም። ውሎው ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ ሒሳብ ወይም ባዮሎጂ ብቻ ነው። ፈተናው ተከታታይ ነው፤ ውጤቱም በደረጃ ተቀምጦ በቀጥታ ወላጅ ስልክ ላይ ይገባል። ማታ እናት ስትደውል “በላህ ወይ?” ብላ ትጀምራለች፤ የልጇ ደረጃ መውረዱን ግን አስቀድማ አይታዋለች፤ እሱም ማየቷን ያውቃል። ታልዋንዲ በሚባለው ሠፈር ያለው የራድሃ ክሪሽና ቤተ መቅደስ ግድግዳ በእነዚህ ልጆች ጽሑፍ የተሞላ ነው። አይአይቲ እንዲገቡ፣ ሕክምና እንዲደርሳቸው፣ እናት አባታቸውን እንዲያኮሩ አምላካቸውን ይለምኑበታል።

ከልመናው ፊት ያለው ስሌት ምሕረት የለውም። 23ቱ አይአይቲዎች በአንድ ላይ በዓመት የሚቀበሉት 18 ሺህ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያውን ዙር ፈተና የሚወስደው ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ለሕክምና የሚሰጠውን ኒት የተባለውን ፈተና በ2024 የወሰዱት ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ በመላ አገሪቱ የነበረው የሕክምና ትምህርት ቦታ ከመቶ ሺህ ብዙም አያልፍም። ከዚያም ግማሽ ያህሉ የግል ኮሌጅ ነው፤ ክፍያው የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብን ጥሪት ያሟጥጣል። በ2023 በኮታ ከተማ ብቻ ከ20 በላይ ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጠፉ። የወረዳው አስተዳደር ፈተናዎች ለሁለት ወር እንዲቆሙና የተማሪ መኖሪያዎች በየክፍሉ ማራገቢያ ላይ የደኅንነት መሣሪያ እንዲገጥሙ አዘዘ። በመላ ህንድ በ2022 ብቻ በዚህ መንገድ የሞቱት ተማሪዎች ከ13 ሺህ በላይ መሆናቸውን የመንግሥት የወንጀል መዝገብ ቢሮ አስታውቋል። የሁሉም ምክንያት ፈተናና የቤተሰብ ግፊት ነው ማለት አይደለም። ከቁጥሩ ብዛት አንጻር ግን ማራገቢያ መቀየር የደነገጠ ሹም እርምጃ ነው፤ ልጁን ወደዚያ ክፍል ያመጣውን ምክንያት አይነካውም።

ምክንያቱ ረጅም ታሪክ አለው። የመጀመሪያው አይአይቲ በ1951 በካራግፑር ሲከፈት ሕንፃው እንግሊዞች የነፃነት ታጋዮችን ያስሩበት የነበረው የሂጅሊ ማጎሪያ ነበር። ነፃ የወጣችው አገር ግድብ፣ የብረት ፋብሪካ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ትፈልግ ስለነበር ኢንጂነር መሆን አገር መገንባት ተደርጎ ይታይ ነበር። በመንግሥት ፈቃድና ገደብ በታሰረው የዚያ ዘመን ኢኮኖሚ ውስጥ ደኅና ደመወዝ የሚከፍል ሥራ ጥቂት ነበር፤ ለእሱም የሚያበቃው ዲፕሎማ ጥቂት ነበር። በ1991 ጠቅላይ ሚኒስትር ናራሲምሃ ራኦና የገንዘብ ሚኒስትራቸው ማንሞሃን ሲንግ ኢኮኖሚውን ሲከፍቱ በሩ ድንገት ሰፋ። ባንጋሎርና ሃይደራባድ የሶፍትዌር ከተሞች ሆኑ፤ አሜሪካ የህንድ ኢንጂነር ፈለገች። ዛሬ ልጁን ወደ ኮታ የሚልከው አባት ያኔ ወጣት ነበር። የጎረቤቱ ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለወላጆቹ ቤት ሲሠራ፣ ለእህቱ ሠርግ ሲደግስ፣ የአባቱን ዕዳ ሲከፍል በዓይኑ አይቷል። ይህን ያየ ሰው ለልጁ ሌላ መንገድ እንዲያስብ መጠየቅ ቀላል አይደለም።

ለዚያ መንገድ የሚከፈለው ገንዘብ የሚመጣው ደግሞ ከባንክ በፊት ከቤት ነው። ኋላ የህንድ ፕሬዚዳንት የሆኑት አብዱል ካላም በማድራስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲመዘገቡ የመግቢያውን ገንዘብ ያገኙት እህታቸው ዞህራ የወርቅ አምባሯን አስይዛ ነው። የጎግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሱንዳር ፒቻይ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ለአውሮፕላን ትኬቱ የአባቱ የአንድ ዓመት ደመወዝ ያህል እንደወጣ ራሱ ተናግሯል። እነዚህ ታሪኮች በህንድ የሚነገሩት እንደ ምርቃት ነው፤ እኔም ስሰማቸው ልቤ ይነካል። ነገር ግን አምባሯን አስይዛ ወንድሟ ያልተሳካለት እህት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አይገባም። ያች እህትም፣ ያ ወንድምም በብዙ ሺህ አሉ፤ ወንድምየው የእህቱን ባዶ ክንድ እያየ ነው የሚኖረው።

እኛ ልጅን ጧሪ ቀባሪ እንደምንለው ሁሉ በህንድም ልጅ የእርጅና ምርኩዝ ነው፤ እዚያ ይህን ሕግም ያዝዛል። በ2007 በወጣው የወላጆችና የአረጋውያን መጦሪያ ሕግ መሠረት ልጆች ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ አለባቸው፤ በእንክብካቤው ሥር ያለ አረጋዊን አውጥቶ የጣለ እስከ ሦስት ወር ሊታሰር ይችላል። መንግሥት ራሱ በሌላ በኩል እጁን እየሰበሰበ ነበር። ከጃንዋሪ 2004 ወዲህ የተቀጠሩ የማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኞች፣ ከጦር ሠራዊቱ በቀር፣ የቀድሞው ዓይነት የተረጋገጠ ጡረታ ቀርቶባቸው በመዋጮ ወደሚሠራ ሥርዓት ገቡ። አብዛኛው ህንዳዊ ሠራተኛ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጡረታ የሌለው የእርሻ፣ የቀን ሥራ ወይም የትንሽ ንግድ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ልጁ “ሥዕል መማር እፈልጋለሁ” ሲል አባት የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ስታመም ማን ያሳክመኛል የሚለው ጥያቄ ነው የሚመጣበት።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለው ረሃብም ከዚሁ ይመነጫል። በ2018 የህንድ ባቡር ወደ መቶ ሺህ ለሚጠጋ የሥራ መደብ ማስታወቂያ ሲያወጣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው አመለከተ። የከፍተኛ ሹማምንት ፈተና ደግሞ በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ አመልካች አለው፤ የሚመረጠው አንድ ሺህ ገደማ ነው። ልዩ መብት የሌለው አመልካች እስከ 32 ዓመቱ ስድስት ጊዜ መሞከር ይፈቀድለታል። ስለዚህ በዴልሂ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ሃያዎቹን ሙሉ በዝግጅት የሚጨርስ ወጣት አለ፤ ታናሽ ወንድሙ ሥራ ይዞ ለእሱ ኪራይ ይልካል። በጁላይ 2024 በዴልሂ አሮጌው ራጂንደር ናጋር በአንድ የዝግጅት ማዕከል ምድር ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሦስት ተማሪዎች በዝናብ ጎርፍ ሰጥመው ሞቱ። ያን ዕለት እዚያ የተቀመጡት ቤተሰቦቻቸው ሹም ይሆናሉ ብለው የላኳቸው ልጆች ነበሩ።

ጋብቻም በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል። የሙሽሪት ቤተሰብ ለሙሽራው ቤት የሚሰጠው ጥሎሽ በ1961 በሕግ ቢከለከልም አልጠፋም። በብዙ አካባቢ ጥያቄው ከሙሽራው ሙያ ጋር ይወጣል፤ ዶክተር፣ ኢንጂነርና የመንግሥት ሹም ከፍ ያለ ይጠየቅባቸዋል። ወንድ ልጁን ኢንጂነር ለማድረግ ያለ የሌለውን ያወጣ ቤት ወጪውን ከምራቱ ቤት ለማስመለስ ሲሞክር ግፉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህን በቤተሰብ ፍቅር ስም ማለፍ አይገባም፤ ነውር ነው።

ለሴት ልጅ ግፊቱ ሌላ መልክ አለው። ወንድሟን ኮታ የሚልክ አባት እሷን ለብቻዋ ሁለት ዓመት በኪራይ ቤት ለማኖር ያመነታል፤ ለወንዱ የወጣው ገንዘብ ይመለሳል፣ ለእሷ የወጣው ከባሏ ቤት ይቀራል የሚል ሐሳብም አለ። ከአሥር ዓመት በፊት አይአይቲ ከሚገቡት ተማሪዎች መካከል ሴቶች ከ10 በመቶ በታች የነበሩት ሴቶቹ ስለማይችሉ አልነበረም። ከ2018 ጀምሮ ለሴቶች ተጨማሪ ቦታ ሲመደብ በጥቂት ዓመታት ወደ 20 በመቶ ደረሱ። መንግሥት መንገድ ሲከፍት ቤተሰብም ሐሳቡን እንደሚቀይር ይህ ግልጽ ማስረጃ ነው።

በደቡብ፣ በኬራላ ግዛት፣ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። እዚያ ብዙ ቤተሰብ፣ በተለይም ክርስቲያኑ፣ ሴት ልጁን ነርስ አድርጎ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት ይልካል። ኩዌት ወይም ሳዑዲ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሆስፒታል ሲሄድ ከሚያገኛቸው ነርሶች ብዙዎቹ የዚያ አገር ልጆች ናቸው። በንጉሡና በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ካስተማሩን ህንዳውያን መካከልም ከኬራላ የመጡ ጥቂት አልነበሩም። ቤቱ መሬት ያስይዛል፣ ይበደራል፣ ልጅቷን ያስተምራል፤ እሷም ዕዳውን ከፍላ ታናናሾቿን ታስተምራለች። በ2014 ኢራቅ ውስጥ ቲክሪት ላይ አይሲስ ይዟቸው የነበሩ 46 ህንዳውያን ነርሶች ተለቀው ሲመለሱ ከመካከላቸው ከሞት አፋፍ እንደወጡ ስለ ዕዳቸው የተናገሩ ነበሩ። የትምህርት ብድር ነበረባቸው፤ ዳግመኛ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስቡም ነበሩ። አንዲት ሴት ጦርነት ወዳለበት አገር እንድትመለስ የሚያደርጋት የቤተሰብ ትእዛዝ ብቻ አይደለም። ማንም ሳያዛት ወለዱን ራሷ ታሰላዋለች።

ስለ ቤተሰብ ተጽዕኖ ሲወራ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የካስት ሥርዓት ራሱ ሙያን በቤተሰብ የማውረስ ሥርዓት ነው። የቆዳ ሠራተኛ ልጅ ቆዳ ይሠራል፤ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ይጠርጋል። በዚህ ሥርዓት ግርጌ ለተቀመጠ የዳሊት ቤተሰብ “ልጄ ኢንጂነር ይሁን” ማለት የሺህ ዓመት ሰንሰለት መበጠስ ነው። ያንን ወላጅ ከሀብታሙ ወላጅ ጋር አንድ ላይ “የሚጫን ወላጅ” ብሎ መውቀስ ታላቅ ስሕተት ይመስለኛል። የህንድን ሕገ መንግሥት ማርቀቅ የመሩት አምቤድካር ያደጉት የጦር ሠራዊት ባልደረባ በነበሩና ልጆቻቸው እንዲማሩ አጥብቀው በሚሹ አባት እጅ ነው። በሌላ በኩል በ1990 የቪ.ፒ. ሲንግ መንግሥት ለኋላ ቀር መደቦች 27 በመቶ የመንግሥት ሥራ እንዲጠበቅ ሲወስን በየከተማው የተነሣው ተቃውሞ፣ ራሳቸውን በእሳት እስከማቃጠል የደረሱት ተማሪዎችም ጭምር፣ እነዚያ ጥቂት ወንበሮች ለእያንዳንዱ ቤት ምን ማለት እንደነበሩ ያሳያሉ።

ልጁን የለቀቀ ቤተሰብስ የለም ወይ? አለ። ዝነኛውን የክሪኬት ተጫዋች ሳቺን ቴንዱልካርን በልጅነቱ ወደ አሠልጣኙ የወሰደው ታላቅ ወንድሙ አጂት ነው፤ አባቱ የማራቲ ቋንቋ ጸሐፊና መምህር ሆነው ሳለ ልጃቸው ኮሌጅ ሳይገባ ስፖርተኛ እንዲሆን ፈቅደዋል። በዲሴምበር 2024 በ18 ዓመቱ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የሆነው የቼናዩ ጉኬሽ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል በኋላ መደበኛ ትምህርት ትቷል። ይህ በህንድ መካከለኛ ቤት ውስጥ ሲሰማ ያስደነግጣል። ልብ መባል ያለበት ግን ማን እንደፈቀደለት ነው። አባቱ የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ሥራቸውን አቁመው ከልጃቸው ጋር ከውድድር ወደ ውድድር ዞሩ። እናቱ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ናቸው፤ ቤቱን በደመወዛቸው አቆሙ። ገንዘብ ሲያጥር ወዳጆች ረዱ። ጉኬሽ ባይሳካለት ኖሮ ቤቱ ሁለት ሙያ ነበረው። ልጁ ነፃ የሆነው ወላጆቹ በጊዜያቸው ያንን የሚፈራ መንገድ ተጉዘው ስለጨረሱ ነው። ከጎረቤቱ ላለው የሪክሾ ነጂ ልጅ “አንተም ሕልምህን ተከተል” ማለት የሌላውን ስንቅ ቆጥሮ መንገድ እንደማስጀመር ነው።

አሁን ደግሞ አባት የሚያውቀው መንገድ ራሱ እየተሸረሸረ ነው። የአገሪቱ ትልቁ የሶፍትዌር ኩባንያ ቲ.ሲ.ኤስ. በ2025 ከ12 ሺህ በላይ ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የአሜሪካ መንግሥት ኤች-ዋን-ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ አዲስ ማመልከቻ ላይ የ100 ሺህ ዶላር ክፍያ ጣለ። የሕክምናውም መንገድ ቀላል አልሆነም። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር እዚያ ከ20 ሺህ የማያንሱ ህንዳውያን ነበሩ፤ አብዛኞቹ በአገራቸው የመንግሥት ቦታ ያላገኙ፣ የግሉን መክፈል ያቃታቸው የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። በ2024 የኒት ፈተና 67 ተማሪዎች ሙሉ ነጥብ ሲያመጡ አገር ተጠራጠረ፤ በቢሃርና በጃርካንድ ፈተናው መሰረቁም ተረጋገጠ። ያን ዓመት ሙሉ በሐቅ ያጠና ልጅ፣ ለእሱም እርሻ የሸጠ አባት፣ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት ህንዳዊ መሆን አያስፈልግም።

መንግሥት ዝም አላለም። የ2020 የትምህርት ፖሊሲ ልጆችን ከአሥረኛ ክፍል በኋላ በሳይንስ፣ በንግድና በሥነ ጥበብ አጥር የሚከፋፍለውን ልማድ ለማፍረስ አስቧል። በጃንዋሪ 2024 የዝግጅት ማዕከላት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይመዘግቡ መመሪያ ወጣ። በጁላይ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ የተማሪዎችን የአእምሮ ጤና የሚመለከት መመሪያ አወጣ፤ ማዕከላት ተማሪዎችን በውጤት እየለዩ እንዳያስቀምጡም አሳሰበ። በ2023 ጣቱን በወላጆች ላይ ቀስሮ የነበረው ፍርድ ቤት ወደ ተቋማቱም መመልከቱ ትክክል ነው።

በእኔ ግምት ግን የልጆቹን ምርጫ ይበልጥ የሚያሰፋው የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ አይደለም። በ2018 የተጀመረው የጤና መድን ለድሃ ቤተሰብ በዓመት እስከ 500 ሺህ ሩፒ የሆስፒታል ወጪ ይሸፍናል፤ በ2024 ደግሞ ዕድሜው 70 የሞላ ማንኛውም ሰው፣ ድሃም ሆነ ሀብታም፣ እንዲካተት ተደረገ። አፈጻጸሙ ጎዶሎ ነው፤ መድኑን የማይቀበሉ የግል ሆስፒታሎች አሉ። ሆኖም አያት ሲታመሙ ልጅ ደመወዙን ማስያዝ የማይገደድበት ቤት ሲበዛ አባትም ለልጁ ሙያ የሚሰጠው ምክር ይለወጣል። ጡረታ፣ ሕክምናና ለወደቀ ሰው የሚሆን ሁለተኛ ዕድል እስካልተገኙ ድረስ ወላጅን “ልጅህን ልቀቀው” ብሎ መስበክ የሚቀለው ለሰባኪው ነው።

ከ2024 ወዲህ ኮታ የሚገባው ተማሪ ቀንሷል፤ የተማሪ መኖሪያ የሠሩ ባለ ሀብቶች ክፍላቸው ባዶ ሆኖባቸዋል። አንዳንዶች ይህን የመብረድ ምልክት አድርገው ጽፈዋል። እኔ አልመሰለኝም። ማዕከላቱ በየግዛቱ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍተዋል፤ ትምህርቱም በርካሽ ዋጋ በስልክ ይሰጣል። በ2025 ኒትን የተፈተኑት አሁንም ከ2.2 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ልዩነቱ ልጁ አሁን የሚያጠናው በቤቱ፣ እናቱ በሚቀጥለው ክፍል ሆና እያዳመጠች መሆኑ ነው፤ እስከዚያ ክፍል የሚደርስ መመሪያ ደግሞ እስካሁን አልወጣም።